ውሃና ጨዋታ በዋግ ኽምራ

ዋግ ኽምራ ውሃ የሚያልፍባት እንጂ ውሃ የሚያርፍባት አገር አልነበረችም። ከሰቆጣ፣ ከደሃናና ከጋዝጊብላ ደጋ የሚነሡ ጅረቶች ገደል ለገደል ተንደርድረው ቆላ ይወርዳሉ፤ አብዛኞቹ በቀጥታ ወይም በጸላሪ ወንዝ በኩል ዞረው መጨረሻቸው ተከዜ ነው። ተከዜም ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ዋግን በምዕራብ በኩል እየታከከ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሱዳን ይገባል። ስሙ በግእዝ «ወንዝ» ማለት ነው፤ ሌላ መጠሪያ ያላስፈለገው ወንዝ ነው ማለት ይቻላል። ሸለቆው በአፍሪካ በጥልቀታቸው ከሚታወቁት አንዱ ሲሆን፣ ደጋው ላይ ቆሞ ወደታች ለሚያይ ሰው ውሃው ከጭስ መሰል ሙቀት በታች እንደተጣለ ክር ይመስላል።

የዝናቡም ነገር እንደ መሬቱ ነው። ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ መስከረም ሳይገፋ ያበቃል። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ጅረቱ ሁሉ ደራሽ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው አሸዋና ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይከርማል። ለዋግ ሰው በቅርብ የሚታወቀው የተፈጥሮ ሐይቅ በምሥራቅ በኩል ከኮረም አጠገብ ያለው አሸንጌ ሲሆን፣ እሱም መውጫ የሌለው፣ በተራራ የታጠረ ውሃ ነው። ሐይቅ ዳር ወጥቶ መዝናናት የሚባል ልማድ በዚህ አገር የቆየ ሥር የሌለው ሰው ጨዋታ ስለማያውቅ አይደለም። ጨዋታው ነበር፤ ነገር ግን ከቦታ ይልቅ በወቅት የተመራ ነበር።

ቆላው ደግሞ የሚፈራ ነበር። ደገኛ ወደ ተከዜ የሚወርደው ጉዳይ ሲኖረው ነው፤ ፍየል ሊገዛ፣ ዘመድ ሊጠይቅ፣ መልካ ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ሊሄድ። ጉዳዩን እንደጨረሰም ቆላ ማደር አይወድም። ምክንያቱ ንዳድ ነው። ወባ የትንኝ በሽታ መሆኑ ከመታወቁ ብዙ ዘመን በፊት ሰው በቆላ ማደርንና ትኩሳትን አያይዞ ያውቅ ነበር፤ ዝናቡ በሚያባራበት በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ፍርሃቱ ይበረታል። ክረምት ላይ ወንዙ ሙላት ስለሆነ መሻገር አይታሰብም። በጋ ሲሆን መልካው ይከፈታል፤ አዞና ጉማሬ ግን በጥልቁ ኩሬ ውስጥ አሉ። ለእረኛና ለነጋዴ ይህ ሁሉ የኑሮ ጣጣ ነው፤ ወደዚያ ለሽርሽር የሚወርድ ሰው ሊኖር የሚችለው ከውጭ ሲመጣ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው መጥቷልም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1810 እ.ኤ.አ. የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆኖ ጨለቆት ሳለ በአበርገሌ በኩል ተከዜ ድረስ ወርዶ ነበር። ከጉዞው ዓላማ አንዱ ጉማሬ ማየትና መተኮስ ነበር። ስለዚህ ጉዞ ጽፎ በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አበርገሌን አገዎች የሚኖሩባት ቆላ አድርጎ ይገልጻታል። ያ አበርገሌ ዛሬ ከሁለት ተከፍሎ አንዱ በትግራይ፣ አንዱ በዋግ ኽምራ ይገኛል፤ በፍየል ዝርያው የታወቀ ነው። ለአካባቢው ሰው፣ ለመብል የማይሆን አውሬ ለመተኮስ ብሎ ያን ያህል ገደል የወረደ እንግዳ ሳያስደንቀው የቀረ አይመስልም።

የዋግ ሰው መዝናኛ ደጋው ላይ ነበር። ለብዙው ሰው በቅርብ የሚገኘው ጥላ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ዙሪያው ሲመነጠር እንኳ ወይራው፣ ጽዱና ግራሩ ቅጥሩ ውስጥ ሳይነካ ይቆያል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ የሚጠጣው፣ የማኅበር ጽዋ የሚዞረው፣ ነገር የሚሰማውና ሽምግልና የሚቀመጡት እዚያው ነው። በዘመኑ አነጋገር መናፈሻ ሊባል የሚችል ነገር ካለ ይህ ነው። ሁለተኛው ገበያ ነው። ሰቆጣ ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚከፋፈልባት ትልቅ ገበያ ሆና ኖራለች፤ ጨው ያልገዛ ሰው እንኳ ወሬ ሊሰማና ጠላ ሊቀምስ ይወጣል። ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንወርዳለን ይሉ የነበሩት የዋግ ሹሞች መቀመጫም እዚሁ በመሆኑ፣ በዓል ሲሆን የፈረስ ጉግስና ሽለላ አይጠፋም ነበር። 

እረኛው ግን ከአዋቂው በተለየ ውሃውን ያውቀዋል። ክረምት ሲያባራ ጅረቱ በየቋጥኙ ሥር ኩሬ ትቶ ይሄዳል፤ ከብቱ ሣር ሲግጥ ልጆቹ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ይንቦጫረቃሉ። ዋና የሚለምዱት እዚያ ነው። ኩሬው ከጥቅምት በኋላ ይጎድላል፣ አረንጓዴ ይለብሳል፣ በስተመጨረሻም ይደርቃል፤ ዋናውም ከእርሱ ጋር ያልቃል። የእረኛ ዓመት በዚህ ረገድ ኋላ ተከዜ ላይ ከተፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ በፊትም በኋላም ብዙ አልተለወጠም።

ከሁሉም ይልቅ ውሃንና በዓልን ያገናኘው ከተራ ነው። የጥምቀት ዋዜማ የሆነው ጥር 10 ቀን «ከተራ» የተባለው በአጋጣሚ አይደለም። ከተረ ማለት የሚሄደውን ውሃ አገደ፣ ገደበ ማለት ነው። ታቦታቱ ከመንበራቸው ወጥተው የሚወርዱበት ባሕረ ጥምቀት ትልቅ ወንዝ በሌለበት አገር የሚገኘው በመገደብ ነው። ጥር ላይ የዋግ ጅረት ቀጥኗል፤ አንዳንዱ ከአሸዋ ሥር በጣት ስፋት ብቻ እያዠ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረደራል፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት በሣር ጓልና በጭቃ ይጠቀጠቃል፤ ውሃው ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ ማታ ላይ ቁርጭምጭሚት፣ ቢበዛ ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ታቦቱ ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ ካህናቱ ማኅሌት ይቆማሉ፤ ሕዝቡም እሳት አንድዶ ዙሪያውን ያድራል። ሲነጋ ጸሎት ይደርሳል፣ ውሃው በመስቀል ይባረካል፣ ከዚያ ወጣቱ እየተጋፋ ይረጫል፣ ይረጭለታል። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ያለው ሰዓት የጨዋታ ነው፤ እስክስታው፣ ሆታው፣ ሎሚ ውርወራው፣ ጎረምሳ ልጃገረድ የሚያይበት ሰልፍ። ከበዓሉ በኋላ ድንጋዩ ፈራርሶ ውሃው መንገዱን ይቀጥላል። በየዓመቱ የሚሠራና በየዓመቱ የሚፈርስ ግድብ ነው፤ ዕድሜው ከሦስት ቀን አይበልጥም ብሎ መናቅ ግን አይገባም። ሰዎች ለደስታ ብለው ውሃ ማቆምን ከዚህ ተምረዋል።

ይኸው ሐሳብ ኃይልና ገንዘብ ሲያገኝ የት እንደሚደርስ ጎንደር ታሳያለች። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ እንዳሠሩት የሚነገረው የጎንደር መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ በግንብ ታጥሮ በዛፍ ተከቦ ይገኛል፤ ዛሬም በዓመት አንድ ጊዜ ለጥምቀት ይሞላል። ላሊበላም ዮርዳኖስ ብላ የሰየመችው ከዐለት የተፈለፈለ መስመር አላት። ከጎንደሩ ግንብ እስከ ዋግ የጭቃ ግድብ ሥራው ያው ነው፤ የሚለየው ማቆያው ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የተመዘገበው ይህ ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ የደጅ ጨዋታ ሻደይ ሲሆን፣ ለዋግ ማንነት ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው። ነሐሴ 1 ቀን የሚገባው የፍልሰታ ጾም በ16 ይፈታል፤ ሻደይም በዚያው ቀን ይጀምርና እስከ 21 ይዘልቃል። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ዓይኒ ዋሪ ይባላል፤ መሠረቱ አንድ ነው፣ ዜማውና አለባበሱ ግን በየአገሩ ይለያል። ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ ካህናቱ ሁለት ሦስት መልስ አላቸው፤ አንዳንዱ ከእመቤታችን ዕርገት፣ አንዳንዱ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ካመጣችው ርግብ፣ አንዳንዱ ከዮፍታሔ ልጅ ጋር ያገናኘዋል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳምነው መስኩ ራሱ ነው። ዋግ የሚለመልመው በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው፤ ነሐሴ አጋማሽ የዚያ ለምለም ጫፍ ነው። ሻደይ ከሣሩ ጋር መጥቶ ከሣሩ ጋር የሚሄድ በዓል ነው።

ስሙን ያገኘው ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ከሚያስሩት ረጅም ሣር ነው። ሣሩ ርጥበት ካለበት ዳር ተነቅሎ ይመጣል፤ በአንድ ጫፉ ተሰብስቦ በመቀነት ወይም በገመድ ዙሪያውን ይታሰራል፤ ሌላው ጫፉ ወደታች ይለቀቃል። ልጅቱ ቆማ ሳለች ቀሚሷ ላይ ተጋድሞ የተቀመጠ ነገር ይመስላል። ከበሮው ሲመታ ግን ከወገቧ ጋር ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ ጨዋታው የሚታየው እግሯ ላይ ሳይሆን ሣሩ ላይ ነው። ትኩስ ሲሆን ይከብዳል፣ ይሸታልም፤ ፀሐይ ሲመታው በሁለተኛው ቀን ይገረጣል፣ ስለዚህ አዲስ ይነቀላል። ፀጉሯ የተሠራው ከቀናት በፊት ነው። ዓይኗ ተኩሏል፤ ድሪው፣ መስቀሉና አልቦው ከእናት ወይም ከአክስት የተዋሰ ሊሆን ይችላል።

ቡድኑ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ከዚያ ወደ ትልልቅ ሰዎች ቤት፣ ቀጥሎ ወደየጎረቤቱ ይዞራል። ዘፋኟ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ባለቤቱን በስሙ ጠርተው ያሞግሱታል፤ ዝም ካለም በዚያው ዜማ ይነኩታል። ድሮ የሚሰጠው እህል፣ ቅቤና የሚበላ ነገር ነበር፤ አሁን ገንዘብ ነው። በእነዚህ ቀናት ልጅቱን ውሃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ የሚላት የለም፤ ዓመቱን በሙሉ እንስራ የተሸከመ ትከሻ ለስድስት ቀን ያርፋል። ወንዶቹም ዱላቸውን ይዘው የየሰፈራቸውን ልጃገረዶች ይከተላሉ፤ አንደኛ ለጠባቂነት፣ ሁለተኛ ለማየት። ብዙ ትዳር የተጠነሰሰው በዚህ ሰሞን ነው። በሰቆጣ ከተማ በዓሉ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ አደባባይ ወጥቶ፣ መድረክ ተሠርቶለት፣ ባለሥልጣንና እንግዳ ተጋብዞበት ይከበራል። አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚኖሩ የዋግ ልጆችም ያከብሩታል። ቤት ለቤት መዞሩና ሣሩን ራስ ነቅሎ ማምጣቱ ከመድረኩ ጎን ሲታዩ ግን የቀደመውን ውበት የያዙት እነሱ ናቸው።

ውሃ ዳር ለመዝናናት ብቻ መሄድ ለኢትዮጵያ ከተሜ የ20ኛው መቶ ዘመን ልማድ ነው። «ሽርሽር» የሚለው ቃል የተለመደው መኪናና የእሑድ ዕረፍት ካለው ሰው ጋር ነው። ወደዚህ ልማድ ከገቡት ሰው ሠራሽ ሐይቆች አንዱ ቆቃ ነበር። በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ በአዋሽ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም የተመረቀው ግድብ ለመብራት የታሰበ ቢሆንም፣ ከጀርባው የተኛው ውሃ ገሊላ ተብሎ ጀልባ የሚቀዘፍበት፣ ዓሣ የሚጠመድበትና ነፋስ የሚቀበሉበት ቦታ ሆነ። ከአዲስ አበባ በመኪና ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ መቻሉ ረድቶታል። ዋግ በዚያ ዘመን ከዚህ ዓይነት ሕይወት በጣም የራቀ ነበር፤ የአውራጃው ስም በዋና ከተማዋ የሚነሣው በድርቅ ነበር፤ ከሁሉም በላይ በ1977 ዓ.ም ድርቅ።

ተከዜ ላይ የመጣው ግድብ ደግሞ በመጠኑ ከቆቃ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሥራው በ1994 ዓ.ም ተጀመረ፤ ሠሪው የቻይና የውሃ ሀብትና የኃይል ማመንጫ ሥራ ድርጅት ነበር። ግድቡ የቅስት ግድብ ነው፤ ሁለት ጠባብ ገደሎች መካከል ቀጭን የኮንክሪት ቅርፊት ሆኖ የውሃውን ግፊት ወደ ጎንና ጎን ዐለቱ ያስተላልፋል። ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን፣ ሲጠናቀቅ በአፍሪካ ከነበሩት ከፍተኛ ግድቦች አንዱ ነበር፤ የሌሶቶውን ካትሴ በጥቂት ሜትር ይበልጣል። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም ላይ የደረሰ የመሬት መንሸራተት ደጋፊ ግንብ እንዲሠራ አስገደደ፤ ወጪውንም ጊዜውንም ጨመረ። ኅዳር 2002 ዓ.ም ተመረቀ። አራት ተርባይኖቹ እያንዳንዳቸው 75፣ በድምሩ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ ኃይሉ በመስመር ወደ መቀሌ ይሄዳል። ማጠራቀሚያው ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ይይዛል፤ ወደ ደቡብ በሸለቆው ውስጥ በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ተለጥጦ የአበርገሌንና የዝቋላን ቆላዎች ይነካል። ግድቡ ትግራይ ውስጥ ይሁን እንጂ የሐይቁ ዳር ከፊሉ የዋግ ነው።

ስለዚህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መልካው ጠፋ። አባቶች ሱሪያቸውን ሰብስበው የሚሻገሩበት ቦታ ከብዙ ሜትር ውሃ በታች ሆነ፤ አንዳንድ ኮረብታ ደሴት ሆኖ ቀረ። በበጋ ውሃው ቀጥኖ አሸዋ ይበዛበት በነበረው ቦታ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚተኛ ጸጥ ያለ ሰማያዊ ውሃ ታየ። ከዚያ በፊት በገዛ አገሩ ይህን ያህል የማይንቀሳቀስ ውሃ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ መጀመሪያ የጠየቀው «ምን ይደረግበታል?» ብሎ ቢሆን አይገርምም፤ መልሱም መዝናናት ሳይሆን ዓሣ ሆነ።

ዓሣ በደጋው የዘወትር ምግብ አልነበረም። ሐይቁ ሲሞላ በወንዙ የነበሩት ዝርያዎች ተባዙ፤ በገበያ ስማቸው ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዋነኞቹ ናቸው። ሥራ አጥ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መረብና ጀልባ ይዘው ወረዱ። ሥራው ሌሊት ነው። መረቡ ማታ ተንሳፋፊው ከላይ፣ ክብደቱ ከታች ሆኖ እንደ አጥር ይዘረጋል፤ ንጋት ላይ ይሰበሰባል። ቀረሶው ራሱን ከመረቡ ዐይን አሾልኮ ሲሄድ በስንጥቡ ይያዛል። በቆላው ሙቀት ዓሣ ብዙ ሰዓት አይቆይም፤ በረዶና መንገድ በሌለበት ያለው ምርጫ ተሰንጥቆ በጨው ማድረቅ ወይም ቶሎ መሸጥ ነው። ፍላጎቱ የሚደራው በዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና ባያልቅም ገበያው ግን መልሱን ሰጥቷል። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የሐይቁን ዓሣ ካጠኑት ተቋማት አንዱ ነው። መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ያወጣው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ፣ የመጀመሪያው የሙከራ ምዕራፍ በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች መጀመሩም፣ የዚህን ቆላ ምግብ አገራዊ ጉዳይ አድርጎታል።

ሐይቁ መዝናኛ እንዲሆን ሐሳቡ በየጊዜው ይነሣል፤ ጀልባ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ የወፍ ዕይታ፣ ደጋው ላይ ካሉት እንደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ካሉ የዐለት አብያተ ክርስቲያናት ጋር የተያያዘ ጉብኝት። ውበቱ አይካድም፤ እንቅፋቱም አይናቅም። ሰቆጣ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐይቁ ከእርሷ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ መንገዱ የሚወርደው በዚሁ ገደል ነው። ወባው እንዳለ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የቆየው የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የሐይቁን ሁለት ዳር በወታደራዊ መስመር ለያይቶ የዓሣውንም የመሻገሪያውንም ሥራ አቋረጠ።

ከእነዚህ ሁሉ የማይለወጠው ችግር የውሃው ቁመት ነው። ግድቡ የሚሠራው ለኃይል እንጂ ለዳርቻው አይደለም። በበጋ ውሃው በተርባይኑ ሲያልፍ መጠኑ በብዙ ሜትር ይወርዳል፤ በየዳሩ የተሰነጠቀ ጭቃና ራቁቱን የቀረ ድንጋይ ሰፊ ቀበቶ ሆኖ ይታያል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ደለሉን ይዞ መጥቶ ያንኑ ቀበቶ ይሸፍነዋል፤ መስከረም ገደማ ሐይቁ ከፍ ይላል። ቋሚ መቀመጫ፣ ጥላና የጀልባ መድረክ ለመሥራት የሚያስቸግረው ይኸው ነው፤ ጀልባ የሚታሰርበት ዳር በጥር ከነበረበት በሐምሌ አይገኝም። ዓሣ አጥማጆቹ ስለዚህ ዳሳቸውን በቀላል እንጨትና በሣር ሠርተው ውሃው በወረደ ቁጥር ወደታች፣ በሞላ ቁጥር ወደላይ ያዛውሩታል። ከተራውና ሻደዩም ከደጋው አልወረዱም፤ የመጀመሪያው በየአጥቢያው ቀጭን ጅረት ላይ፣ ሁለተኛው ነሐሴ በሚያበቅለው መስክ ላይ ይከበራሉ።